የድሮ ፊልም ቪሲዲ የምትፈልጉ ሰዎች፣ ዝርዝራችሁን ለሻጭ እንዳትሰጡ

ትናንት 12,400 ብር ተበላሁ። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ካደረ አፍሬ እተወዋለሁ።

ሰውየውን ስሙን ባልጠራም ታውቁታላችሁ። ቤቱ ድሮ ሲዲ ቤት ነበር፤ አሁን ግማሹ ቻርጀርና የስልክ ከቨር ነው። ከኋላ አቧራ የጠጣ ካርቶን አለ። «የድሮ አማርኛ ፊልም አለ?» ስትሉት መጀመሪያ የለም ይላል። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ያያችኋል። ከዚያ «ለእርስዎ ግን…» ይላል።

እኔ በዲስክ የወጡ የአገራችንን ፊልሞች እመዘግባለሁ። ደብተሬ በ1957 ዓ.ም. በተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው» ይጀምራል። ብዙው ገጽ ግን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለው ነው፤ ፊልሙ በቪዲዮ ካሜራ ተቀርጾ ሲኒማ ቤት ከታየ በኋላ በቪሲዲ የሚቸበቸብበት ዘመን። ዩቲዩብ ላይ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ርዕሱ ተቀይሮ፣ መጨረሻ ላይ የሚያልፈው የባለሙያዎች ስም ተቆርጦ። እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱኑ ነው። ካሜራውን የያዘው ማን ነበር? ድምፁንስ?

ለማንኛውም፣ የጎደሉኝን 31 ፊልሞች በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ሰጠሁት። ርዕስ፣ ዳይሬክተር፣ ዓመት፣ ርዝመት። «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ዓይነት ሰው እኮ ነው የጠፋው» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። በሳምንቱ ደወለ። «ሁሉም ተገኘ!» 31 ፊልም፣ አንድ ሳይጎድል። እዚህ ጋ ያልጠረጠረ ፋራ ነው፤ ፋራው እኔ ነኝ።

ሄድኩ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሁሉ በላስቲክ ታሽጓል። ከላይ ያሉትን ሦስቱን ራሱ ቀዶ አጫወተልኝ፤ እውነተኛ ናቸው። አራተኛውን ላነሳ ስል እጄን ያዝ አደረገኝ። «ጋሼ፣ ላስቲኩ ከተቀደደ እኮ ዋጋው ይወርዳል። ሰብሳቢ አይደሉም እንዴ?» አፈርኩ። እውነቱን ነው ብዬ አንዱን በ400 ብር ሒሳብ ቆጥሬ ከፈልኩ። ደረሰኝ? የምን ደረሰኝ!

ማታ እራቴን በልቼ፣ መነጽሬን አድርጌ ደብተሬን ገለጥኩ። አንዱን ላስቲክ ቀደድኩ፤ በዝርዝሬ 17ኛው ፊልም ነው። ርዕሱን ጻፍኩ፣ ዓመቱን ጻፍኩ፣ ርዝመት የሚለው ጋ ደረስኩ። የከቨሩን ጀርባ አየሁ። «1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ?» ይላል። ከነጥያቄ ምልክቱ። ከቨር ሰው ይጠይቃል እንዴ? ደብተሬ መሃል የቀረውን ረቂቅ አወጣሁ። ተራ ቁጥር 17፣ እርግጠኛ ስላልነበርኩ በገዛ እጄ የጻፍኩት፦ «1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ?»

ፊቴ ጋለ። ከቨሩን ከእኔ ወረቀት ላይ ነው ያተሙት። የጥያቄ ምልክቱ ምን እንደሚሠራ እንኳ አልጠየቁም።

ዲስኩን ገለበጥኩት። ከፋብሪካ የወጣ ቪሲዲ ጀርባው እንደ መስታወት ብርማ ነው፤ ይሄኛው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ባዶ ሲዲ ገዝተው የገለበጡበት ነው። ደግሞስ አንድ ቪሲዲ ቢይዝ ቢይዝ 80 ደቂቃ ነው። 102 ደቂቃ ፊልም በአንድ ዲስክ በየት በኩል ገባ? ክፍል አንድ አልቆ ክፍል ሁለትን ለመቀየር ስንነሳ የኖርን ሰዎች! የድሮው ማጫወቻዬ አላነበበውም። የልጄን አሮጌ ኮምፒዩተር ከፈትኩ። ተዋናይዋ ታለቅሳለች፣ ጥጉ ላይ «ሰብስክራይብ» የምትል ቀይ ነገር ከነደወሏ ብቅ ትላለች። መጨረሻው ተቆርጧል። 28ቱን አንድ በአንድ አየሁ፤ ሁሉም ያው ነው። ባለቤቴ «ምን ሆንክ?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ተመለስኩ። ሰውየው የለም። አንድ ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ሰማኝ።

«ፋዘር፣ ዝርዝር ሰጡን፣ በዝርዝሩ መሠረት አመጣንልዎ። ምን ጎደለ?»

«ኦሪጅናል ተባብለን ነበር እኮ» አልኩት።

ጓደኛውን ጠራው። «ና እስቲ፣ እኚህ ሰውዬ ይሄን ነገር ለምን እንደሚሰበስቡት ጠይቅልኝ።» ተሳሳቁ። ብሩስ ብር ነው፤ ያቺ ሳቅ ናት አንጀቴን ያሳረረችው። ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ ካርቶኔን ተሸክሜ ወጣሁ።

የምትገዙ ካላችሁ ላስቲኩን እዚያው ቅደዱት፣ የዲስኩን ጀርባ እዩ፣ ክፍል ሁለት መኖሩን አረጋግጡ። ዝርዝሬ አሁንም እነሱ ጋ ነው። «1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ?» የሚል ከቨር ካወጡላችሁ የጥያቄ ምልክቷ የእኔ ናት።