ስድስትን ዘጠኝ የሚለው ሳጥኔ፦ የ8 ወር ልምድ

ለአባባ የመጫወቻ ካርታ አይቶ ስሙን የሚናገር ሳጥን ከሠራሁ 8 ወር ሆነኝ። ሰባቱን ያሳለፍኩት ከስድስት ቁጥር ጋር ስጣላ ነው።

ግላኮማ ዓይናቸውን ሲያደክመው አባባ፣ ቱሉ ዲምቱ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ሥር ማታ ማታ የሚጫወቱትን ካርታ ተዉት። ዝም ብዬ ማየት አቃተኝና ራስበሪ ፓይ 4 የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር፣ ባለ 8 ሜጋፒክስል ካሜራና ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ገዝቼ የጫማ ካርቶን ውስጥ ገጠምኩ። አባባ ካርታውን በጎን ባለው ቀዳዳ ያስገባሉ፣ ፕሮግራሙ የካርታውን ጥግ አይቶ ቁጥሩንና ምልክቱን ይለያል፣ በጆሮ ማዳመጫው የእህቴ ድምፅ «ሰባት ልብ» ይላቸዋል። ከሁለቱ ጆከሮች ጋር 54 ካርታ ስም በስም አስቀርጫታለሁ። ይሄ ሁሉ ሠርቷል፣ አላወራበትም።

ስድስት ነው ያቃጠለኝ። አባባ ካርታ ሲይዙ የላይኛውን የግራ ጥግ በአውራ ጣታቸው ይሸፍናሉ፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ ያ ጥግ ሲጠፋበት የታችኛውን የቀኝ ጥግ ያነባል፤ እሱ ደግሞ ተገልብጦ ነው የታተመው። ስድስት ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በልበ ሙሉነት «ዘጠኝ!» ብለው ይዘረጋሉ፣ ጠረጴዛው በሳቅ ያውካካል፣ የሁሉም ሻይ እሳቸው ላይ።

መርካቶ የሸጠልኝ ልጅ ጋ ሄድኩ። «አዲሱን ካሜራ ውሰድ፣ 12 ሜጋፒክስል ነው፣ ትኩረቱንም ራሱ ያስተካክላል» አለኝ። ወንድሜ፣ የተገለበጠ ስድስት በ12 ሜጋፒክስል ሲታይ የበለጠ ጥርት ያለ ዘጠኝ ነው! ይህ መልስ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ነው እንጂ እዚያማ ዝም አልኩ። ደግሞ አንድ ነገር ላይ ይረታኛል፤ የኔው ካሜራ በራሱ ስለማያተኩር፣ ቅርብ እንዲያይ ሌንሱን በጣቴ ማዞር ነበረብኝ።

መፍትሔውን ያመጣችው እማዬ ናት። ሽንኩርት እየከተፈች ስክሪኔን አየት አደረገችና «ልቡ ከቁጥሩ በላይ ምን ይሠራል?» አለች። ለካ ቀጥ ባለ ጥግ ላይ ምልክቱ ሁሌም ከቁጥሩ ሥር ነው፤ በላይ ከታየ ጥጉ ተገልብጧል፣ አዙሮ ማንበብ ነው። አራት መስመር ኮድ። ሰባት ወር!

መብራት በድንገት ሲጠፋ ሁለት ሚሞሪ ካርድ አበላሽቶብኛል። ካርዱ ላይ ምንም እንዳይጻፍ ሲስተሙን ለንባብ ብቻ አድርጌ ከቆለፍኩት ወዲህ ግን ቀርቷል።

ልሸጠው ነበር። አሁን ማንም ቢጠይቀኝ አልሰጥም፤ አባባ እየረቱ ነው። ባለፈው እሑድ አንዱ ጎረቤታችን «ጋሼ፣ ያን ነገር ከጆሮዎ ያውጡት፣ የኛን ካርታ እየነገረዎት ነው» አለ። አባባ ምንም ሳይሉ ማዳመጫውን አውጥተው ጆሮው ላይ አደረጉለትና አንድ ካርታ አስገቡ። «ስድስት አበባ» ሲል ሰማ። የአባባን ካርታ ስላወቀ ያ ዙር ፈርሶ እንደገና ታደለ።