ከዋሽንግተን ኮምቦልቻ፦ የትኛው ካርድ እስከ ደጅ ያደርሳል?

አሜሪካ ኖረን ደሴ ቤተሰብ ያለን ሰዎች ትኬት ስንፈልግ የምናየው ዋጋ ብዙ ጊዜ እስከ ቦሌ ያለውን ነው። የእኛ ጣጣ የሚጀምረው ግን ከቦሌ በኋላ ነው። በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ይበላል፤ ያውም መንገዱ ሰላም ከሆነ። በአውሮፕላን ግን የደሴ ሰው የሚያርፍባት ኮምቦልቻ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናት። ስለዚህ የክሬዲት ካርድ ፖይንት፣ ማለትም በካርዱ ስንገዛ የሚቆጠርልንን ነጥብ፣ ሳወዳድር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ኮምቦልቻ ያደርሰኛል ወይስ ቦሌ ላይ ጥሎኝ ይሄዳል?

መጀመሪያ ካሽ ባክ (ካወጣነው ላይ ተመላሽ ገንዘብ) የሚሰጡትን ካርዶች እንይ፤ ቀላሎቹ እነሱ ናቸው። ሲቲ ደብል ካሽ ለምሳሌ ዓመታዊ ክፍያ የለውም፤ ስትገዙ አንድ በመቶ፣ የካርዱን ዕዳ ስትከፍሉ ሌላ አንድ በመቶ ይመልሳል። በወር 1,500 ዶላር በካርዱ ለሚያወጣ ሰው በዓመት 360 ዶላር ማለት ነው። ገንዘብ ስለሆነ ለየትኛውም አየር መንገድ፣ ለየትኛውም ቀን ይሆናል። የገና ሰሞን ትኬት ለሚቆርጥ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ እንከን አለበት፤ ካርዱን አገር ቤት ይዛችሁ ሄዳችሁ ሆቴል ብትከፍሉበት በላዩ ሦስት በመቶ ይቆርጣል። ደሴ ስትገቡ ቦርሳችሁ ውስጥ ይተኛ።

ሁለተኛው የአየር መንገድ ስም ያለበት ካርድ ነው። ብዙ የአገሬ ልጆች ዩናይትድ ኤክስፕሎረርን ያወጣሉ፤ ምክንያታቸውም ትክክል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩናይትድም ያለበት የስታር አሊያንስ የአየር መንገዶች ማኅበር አባል ስለሆነ፣ በዩናይትድ ማይል (በአየር መንገዱ ነጥብ) የኢትዮጵያን በረራ መቁረጥ ይቻላል። ማይሉም አያረጅም። ነገር ግን ካርዱ በዓመት 150 ዶላር ያስከፍላል፤ ከሚያጓጓው ነገር ዋናው ደግሞ የመጀመሪያዋ ሻንጣ ነጻ መሆኗ ነው። ይቺ ሻንጣ የምትሠራው ዩናይትድ ራሱ በሚያበረው አውሮፕላን ላይ ብቻ ነው። ከዋሽንግተን በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሚሄድ ሰው ምንም አትጠቅመውም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በዩናይትድ የማይበር ሰው 150 ዶላሩን ለምን እንደሚከፍል አይገባኝም።

እኔ የማደላው ለሦስተኛው ነው፤ ፖይንቱ ወደ ብዙ አየር መንገድ የሚዛወር ካርድ። ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ በዓመት 95 ዶላር ነው፤ ውጭ አገር ሲከፈልበት ተጨማሪ አይቆርጥም። ፖይንቱ አንድ ለአንድ ወደ ዩናይትድም፣ ወደ ኤር ካናዳው ኤሮፕላንም ይሄዳል። (ኤሮፕላን የማይል ፕሮግራሙ ስም ነው፤ ለአጎቴ በስልክ ሳስረዳ ግማሽ ሰዓት የፈጀብኝ ይኼ ስም ነው።)

ኤሮፕላን ለወሎ ሰው የሚመቸው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በአጋር አየር መንገድ፣ ለምሳሌ በኢትዮጵያ፣ ሲቆረጥ የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያ አይጭንም፤ ታክሱንና 39 የካናዳ ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ነው የሚጠይቀው። ሁለተኛ፣ ዋጋው በርቀት እርከን የሚተመን ስለሆነ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ያለችው አጭር መንገድ ብዙ ጊዜ ዋጋውን አታንቀሳቅሰውም። ሦስተኛውን በጣም እወደዋለሁ፦ 5,000 ፖይንት ጨምሮ አዲስ አበባ ላይ ለቀናት ማረፍ ይቻላል። ለቅሶ ደርሶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ መርካቶ ወጥቶ፣ ከዚያ በዚያው ትኬት ወደ ኮምቦልቻ መቀጠል ነው።

አንድ ትኬት መሆኑ ለጭነቱም ነው። ከአሜሪካ በኢትዮጵያ የኢኮኖሚ መደብ የሚሄድ ሰው በተለምዶ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀድለታል። ኮምቦልቻ በዚያው ትኬት ላይ ካለች ሻንጣዎቹ በዚያው ፈቃድ ይቀጥላሉ። የአገር ውስጡን ለብቻ ከቆረጣችሁት ግን የሚፈቀደው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ትርፉን ቦሌ ላይ ትከፍላላችሁ ወይም ለዘመድ አደራ ትላላችሁ። ወደዚህ የሚመጣ ሰውም እንዲሁ ነው። እናቴ በርበሬዋንና ሽሮዋን ለማንም አደራ አትልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳውን ልናገር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ ዓለም አቀፍ በረራ ለገባ መንገደኛ የአገር ውስጥ ትኬት በትልቅ ቅናሽ ይሸጣል። እኔ አንድ ጊዜ በሌላ አየር መንገድ ርካሽ ትኬት አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ፤ የኮምቦልቻውን ስጠይቅ ያተረፍኩት ሁሉ እዚያው አለቀ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀድሜ አልጠየቅሁም። በካሽ ባክ ገንዘባችሁ ትኬት ስትቆርጡ ይህን ደምሩበት።

ስለ ፖይንቱ መጠን አንታለል። በወር 1,500 ዶላር የሚያወጣ ሰው፣ በዶላር አንድ ፖይንት ቢቆጠርለት በዓመት 18,000 ነው የሚያገኘው። ካርዱ ሲከፈት የሚሰጠው ጉርሻ ግን ብዙ ጊዜ 60,000 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ በግዢ ብቻ ይጠራቀም ቢባል ከሦስት ዓመት በላይ ይወስዳል። ጉርሻው የሚሰጠው በሦስት ወር ውስጥ ጥቂት ሺህ ዶላር ላወጣ ነው። ስለዚህ ካርዱን የምታወጡት የመኪና ኢንሹራንስ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ በሚደርስበት ወር ይሁን፤ ለጉርሻ ተብሎ የማያስፈልግ ሶፋ አይገዛም። (ተገዝቶ አይቻለሁ።)

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከቼዝ ወደ ኤሮፕላን የተዛወረ ፖይንት አይመለስም። መጀመሪያ በኤሮፕላን ድረ ገጽ ከዋሽንግተን እስከ ኮምቦልቻ ወንበር መኖሩን ፈልጉ፤ ካገኛችሁ በኋላ አዛውሩ። በፖይንት የሚሰጥ ወንበር ጥቂት ነው። ለግሸን መስከረም 21 ወይም ለገና ላሊበላ መድረስ የሚፈልግ ሰው ከአሥር ከአሥራ አንድ ወር በፊት መፈለግ አለበት፤ ሐምሌ ላይ ተነስቶ ለግሸን ፖይንት የሚፈልግ ሰው ካሽ ባክ ቢይዝ ይሻለዋል።

ካርድ ጭራሽ የማያስፈልጋቸውም አሉ። የእነዚህ ካርዶች ወለድ በአሜሪካ በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። 2,000 ዶላር ዕዳ ሳትከፍሉ ዓመቱን ሙሉ ካቆያችሁበት 400 ዶላር ይበላል፤ ያ 360 ዶላር ካሽ ባክ ጠፋ ማለት ነው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ወለድ ያለበት ውል ላይ ላለመፈረም ብሎ ክሬዲት ካርድ አይዝም፤ እስልምናው አይፈቅድለትም። እሱ ሼባማይልስ በሚባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም ውስጥ ተመዝግቧል፤ ምዝገባው በነጻ ነው፤ በበረረ ቁጥር ይቆጠርለታል። ጅዳና ዱባይ ለሚመላለሱትም፣ ደሴ ላሉ ወላጆችም የምመክረው ይህንኑ ነው። በርካሽ ትኬት ላይ የሚቆጠረው ማይል ትንሽ መሆኑን ግን እወቁ፤ ማይሉም የሚያበቃበት ጊዜ አለው። አንድ በረራ የሚቆጠረው ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ የኤሮፕላን ፖይንት የምትሰበስቡ ሰዎች በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስትበሩም የኤሮፕላን ቁጥራችሁን ስጡ።

በፖይንታችሁ ለሌላ ሰው መቁረጥም ይቻላል። እኔ ለእናቴ የምቆርጠው ከኮምቦልቻ ጀምሬ ነው፤ በትኬቱ ላይ ስሟ በፓስፖርቷ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል እንዲሆን ብቻ እጠነቀቃለሁ። የሰሜን ወሎ ሰው ኮምቦልቻ ያልኩትን ሁሉ ላሊበላ ብሎ ያንብበው። የወልዲያ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻለው እኔ አልነግረውም።