ለአስም የቱን ልግዛ? ዚንክ፣ ሰሊኒየምና ማግኒዥየም ሲነጻጸሩ

ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አካባቢ መድኃኒት ቤት ጎራ ያለ የአስም ታማሚ «ይሄ ብግነት (የአየር ቧንቧ መቆጣትና ማበጥ) ይቀንሳል» ሲባል ጆሮው ይቆማል። የሚነሱት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ማዕድናት ናቸው፦ ዚንክ፣ ሰሊኒየምና ማግኒዥየም። ከማወዳደራችን በፊት ግን አንድ ነገር እንያዝ፦ የአየር ቧንቧን ብግነት የሚቀንሰው ሐኪም የሚያዘው የመከላከያ ፓፍ ነው፤ ለምሳሌ ቤክሎሜታዞን። ሳልቡታሞል እንኳ ቧንቧውን ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ብግነቱን አይነካውም። ብሩ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የመከላከያውን ፓፍ ይግዙ።

ሰሊኒየም ሲወራለት አሸናፊ ይመስላል። ሰውነት ከብግነት ጉዳት ራሱን የሚከላከልባቸው አንዳንድ ኢንዛይሞች ያለ እሱ አይሠሩም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 197 አስም ያለባቸውን አዋቂዎች ለ24 ሳምንት ተከታትሎ ነበር። በቀን 100 ማይክሮግራም የወሰዱት ሰዎች ደማቸው ውስጥ ሰሊኒየሙ ጨመረ፤ ከአስሙ ጋር ያለው ኑሯቸው ግን መድኃኒት የሌለበት እንክብል ከወሰዱት አልተሻለም። ለአዋቂ በቀን 55 ማይክሮግራም ይበቃል። በጣም ሲበዛና ሲዘወተር ፀጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ያሰባብራል። እኔ ብሆን ገንዘቡን ለጣና ቀረሶ አውለዋለሁ፤ አሳ ጥሩ የሰሊኒየም ምንጭ ነው። (በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትቼዋለሁ።)

ዚንክ ላይ ዓይን ገለጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ጠርሙሱ ፊት ለፊት «ዚንክ ሰልፌት 220 ሚሊግራም» ይላል። ገልበጥ አድርገው ትንንሾቹን ፊደላት ያንብቡ፦ ትክክለኛው ዚንክ 50 ሚሊግራም ነው። እሱም ቢሆን ለአዋቂ ከተቀመጠው የቀን ጣሪያ፣ ከ40፣ ያልፋል። ለወንድ 11፣ ለሴት 8 በቂ ነው። ከፍተኛ ዚንክ ለወራት ሲወሰድ ሰውነትን መዳብ ያሳጣል፤ ያ ደግሞ የደም ማነስ ያመጣል። ለልጆች ተቅማጥ ከኦ አር ኤስ ጋር የሚሰጠው ባለ 20 ሚሊግራሙ ዚንክም ለ10 እስከ 14 ቀን የታሰበ ነው፤ ለአስም ብለው አይግዙት።

«ተመርምሬ ዚንኬ ዝቅ ብሏል» የሚልም አይጠፋም። ብግነት ራሱ የደም ዚንክን ስለሚያወርድ፣ አንድ ውጤት ብቻውን እጥረት አለ አያሰኝም። እውነተኛ እጥረት ግን አለ። ሥጋ ለማይቀምስ ሰው ፋይቴት የሚባለው በጤፍና በጥራጥሬ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ዚንኩን አንቆ ይይዝበታል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ እዚህ ላይ እንጀራችን ባለውለታችን ነው።

ማግኒዥየም ሰውነት በብዛት ስለሚፈልገው ከጥቃቅኖቹ ማዕድናት አይቆጠርም። ስሙ ከአስም ጋር የተያያዘው በድንገተኛ ክፍል ነው፤ ከባድ አስም ሲነሳ ሐኪሞች ማግኒዥየም ሰልፌት በደም ሥር ይሰጣሉ። የሚዋጠው እንክብል ያንን ሥራ አይሠራም። ሻጭ ሁለቱን ካደባለቀብዎት ሌላ ቤት ይሂዱ። ለሌላ ምክንያት የሚገዙ ከሆነ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ከሚለው ይልቅ ማግኒዥየም ሲትሬት የሚለውን ሰውነት በተሻለ ይወስደዋል። ሆድ ማላላቱ ግን አይቀርም። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ያለ ሐኪም አይንካው።

ከሦስቱ አንዱን የግድ ምረጥ ብባል፣ ሥጋም አሳም ለማይበላ ሰው ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ዚንክ እላለሁ፤ እሱንም ለምግቡ ጉድለት እንጂ ለአስሙ አይደለም። ሲፕሮ ወይም ዶክሲሳይክሊን የጀመሩ እንደሆነ መጀመሪያ አንቲባዮቲኩን ይዋጡ፤ ዚንኩ ቢያንስ 2 ሰዓት ይቆይ።