ለገጣፎ መንገድ ዳር ያለችው ችግኝ መሸጫና የገዛሁት መቀስ

መስከረም ላይ ጽጌረዳዎቼ ግቢውን ቀይ በቀይ አድርገውት ነበር። ጥቅምት ሲጋመስ ግን አበቦቹ እዚያው ዘንጋቸው ላይ ቡናማ ሆነው ደረቁ። አዲስ እምቡጥ የሚባል የለም። ማዳበሪያ አንሷቸው ነው ብዬ ልገዛ ወጣሁ።

ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በአረንጓዴ መረብ የተሸፈነች ችግኝ መሸጫ አለች። ታፔላ የላትም። የሚሸጡት ሽማግሌ ነገሬን ሰምተው "አበባው ሲጠወልግ ትቆርጪዋለሽ?" አሉኝ። አልቆርጥም፣ ያሳዝነኛል አልኳቸው። እጄን ይዘው ወደ አንድ ጽጌረዳ ወሰዱኝና ከደረቀው አበባ ሥር ያለችውን አረንጓዴ እብጠት አስነኩኝ። "ልጄ፣ ይሄ ፍሬ ሊይዝ ነው። ዘር መሥራት ከጀመረማ ሌላ አበባ ማውጣት ምን ያደርግለታል?"

ማዳበሪያውን ተዪው አሉኝ። መቀስ ሸጡልኝ፣ 900 ብር። አቆራረጡንም እዚያው አሳዩኝ።

ከጠወለገው አበባ ጀምራችሁ በዘንጉ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። መጀመሪያ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሦስት ሦስት ሆኖ የወጣ ቅጠል ነው፤ እለፉት። አምስት የሆነው ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ቀላ ያለች ትንሽ እብጠት አለች። አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው ከሷ ነው። ከሷ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። እብጠቷ ወደ ውጭ የዞረች ትሁን። ወደ ውስጥ ከዞረች ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፣ መሃሉ አየር ያጣል። እንደኛ ሰፈር ባለ ዝናብ ደግሞ ያ ማለት ክረምት ላይ ቅጠሉ ጥቁር በጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል ማለት ነው።

መቀሱ ጥሩ ነው። አንዱ ስለት ሌላውን አልፎ ስለሚሄድ ለስላሳውን ዘንግ ሳይጨፈልቅ ይቆርጣል። በፊት በወጥ ቤት ቢላ ስሞክር ጫፉ እየተሰነጠቀ ይጠቁርብኝ ነበር። ቅር ያለኝ መቆለፊያው ነው፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ላላ። መልሼ ብወስደው አልቀየሩልኝም። አሁን በላስቲክ አስሬ ነው የማስቀምጠው። ልጆች ያሉበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በተረፈ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስሄድ ስለቱን በአልኮል እጠርገዋለሁ።

ዳህሊያ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። የመጀመሪያ ቀን አራት እምቡጥ ያበቃ መስሎኝ ቆርጬ ጥያለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ክቡ ገና የሚፈነዳው ነው። ሾጠጥ ብሎ ሲነኩት ለስለስ የሚለው ያበቃው ነው። ጄራኒየም መቀስም አይፈልግም፤ የአበባውን ዘንግ ከሥሩ በጣት ቀንጠስ ማድረግ ይበቃዋል። አጥሩ ጥግ ያለውን አደይ አበባ ግን አልነካሁትም። እሱ ዘሩ መርገፍ አለበት፣ አለበለዚያ ለመጪው መስከረም ከየት ይመጣል?

ጽጌረዳዎቹን የቆረጥኩት በጥቅምት መጨረሻ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ በሰባተኛው ሳምንት፣ የመጀመሪያው ፈነዳ። ከአንዱ ቁጥቋጦ ብቻ አሥራ አንድ እምቡጥ ቆጠርኩ። ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ወደዚያች ችግኝ መሸጫ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ አባባ አይኖሩም፤ የሚተካቸው ልጅ ይሸጣል እንጂ አያሳይም። ግራ የገባችሁን ቅርንጫፍም ቆርጣችሁ በፌስታል ያዙላቸው። እያገላበጡ አይተው የት ጋ እንደተሳሳታችሁ ይነግሯችኋል፣ ለዚህ ደግሞ ምንም አያስከፍሉም።