ነፍሳት የሚለይ አፕ ላይ ካርዳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ወገኖች፣ እዚህ እንግሊዝ ጓሮም ፓርክም እየወጣችሁ ነፍሳት ፎቶ የምታነሱ ካላችሁ በጣም ተጠንቀቁ። ሰሞኑን ማስታወቂያው ከስልካችን የማይጠፋ አንድ አፕ አለ፣ ማንኛውንም ነፍሳት በአንድ ፎቶ እለያለሁ ይላል። ሶስት ቀን በነፃ ሞክሩ ብሎ ካርድ ያስገባችኋል፣ በትልቁ የሚጽፈው የሳምንት ሂሳብ ነው፣ ከስር በግራጫ በማይነበብ ፊደል ግን የዓመቱ በአንዴ እንደሚቆረጥ ተጽፏል፣ ከኔም 40 ፓውንድ እንደዛ ነው ላጥ ያደረገው።

ከገንዘቡ በላይ ያናደደኝ መልሱ ነው። አበባ ላይ ያረፈች ቮሉሴላ ዞናሪያ አንስቼ ሰጠሁት። ይቺ እዚህ አገር ካሉት ወደ 280 የሚጠጉ የሆቨርፍላይ (አየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ አበባ የሚጎበኝ ዝንብ) ዝርያዎች ትልቋ ናት፣ ቢጫና ቀይ ቡኒ ቀለበት ስላላት ትልቅ ተርብ ትመስላለች እንጂ መንደፊያ እንኳን የላትም። አፑ "የእስያ ተርብ፣ 98 ፐርሰንት፣ አደገኛ" (ከውጭ የገባው ንብ የሚበላው ተርብ ማለቱ ነው) ብሎ ከስሩ የተባይ አጥፊ ማስታወቂያ ለጠፈልኝ! ፎቶውን ዙም ስታደርጉት ክንፏ ሁለት ብቻ ነው፣ ተርብ ግን አራት ነው ያለው፣ አንቴናዋ እጥር ያለች፣ ዓይኗ ጭንቅላቷን የሞላ፣ ዝንብ ናት በቃ። የእስያ ተርብ ደግሞ ሰውነቱ ጥቁር ሆኖ የእግሩ ጫፍ ነው ቢጫ። ይሄን የማያውቅ ሰው አፑን አምኖ ጓሮውን መርዝ ቢያስረጭስ? ሆቨርፍላዮች እኮ የአበባ ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሱ ናቸው፣ የብዙዎቹ እጭ ደግሞ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) እየበላ ነው የሚያድገው፣ አትክልታችሁን በነፃ ነው የሚጠብቁላችሁ።

"በአንድ ፎቶ ሁሉንም" የሚለው ቃል ራሱ ውሸት ነው። ሲርፈስ ሪቤሲና ሲርፈስ ቪትሪፔኒስ የሚባሉት ሁለት የሆቨርፍላይ ዝርያዎች ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ሴቶቹን የምትለዩት በኋላ እግራቸው ጭን ነው፣ የሪቤሲ አብዛኛው ቢጫ ነው የቪትሪፔኒስ አብዛኛው ጥቁር። ጭኑ ያልታየበት ፎቶ ላይ ማንም ቢሆን እርግጠኛ ሆኖ ሊነግራችሁ አይችልም፣ ስለዚህ ስታነሱ ከላይ፣ ከጎን፣ ፊቷን፣ ክንፏንም ጨምራችሁ አንሱ።

ደግሞ ይሄ ሁሉ በነፃ አለ። ያያችሁትን ነፍሳት የምትመዘግቡበት አይናቹራሊስት ነፃ ነው፣ እንደሱው መመዝገቢያ የሆነው አይሬከርድም ነፃ ነው፣ አይሬከርድ ላይ የምታስገቡትን ሆቨርፍላይ ለዓመታት ያጠኑ ሰዎች አይተው ነው የሚያጸድቁት፣ ካልታወቀም አይታወቅም ይላሉ፣ እሱ ነው ታማኝነት ማለት። የእስያ ተርብ መስሏችሁ ከሰጋችሁም ኤዥያን ሆርኔት ዎች የሚባለው አፕ ላይ ፎቶውን ላኩ፣ እሱም ነፃ ነው።

አውርዳችሁት ከሆነ አፑን ማጥፋት ብቻውን ክፍያውን አያቆምም!! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚበላው። አይፎን ላይ ሴቲንግስ ገብታችሁ ስማችሁን ነክታችሁ ሰብስክሪፕሽንስ ውስጥ ካንስል በሉት፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ፕሌይ ስቶር ውስጥ በፕሮፋይላችሁ በኩል ታገኙታላችሁ። የነፃው ጊዜ ሊያልቅ 24 ሰዓት ከመቅረቱ በፊት አድርጉት፣ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ። ከተቆረጠባችሁም ዛሬውኑ ሪፈንድ ጠይቁ፣ ማስታወቂያውንና ያቺን የግራጫ ጽሑፍ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፣ የከፈላችሁት በድረገጻቸው በኩል ከሆነ ባንካችሁ ጋር ደውላችሁ ቻርጅባክ (ባንኩ የተቆረጠውን ገንዘብ እንዲያስመልስላችሁ) በሏቸው።