ለፖሎ ጥልፍ፦ ተቀዳጅ ደጋፊ ወይስ ተቆራጭ?

ጎንደር ላይ ጥምቀት ሲቃረብ የማኅበራት ፖሎ ትእዛዝ ይደራረባል። ታዲያ ጥልፉን እንዲይዝ ከጨርቁ ሥር የሚነጠፈው ደጋፊ ንጣፍ በእጅ የሚቀደደው (ተቀዳጅ) ይሁን ወይስ በመቀስ የሚቆረጠው (ተቆራጭ)?

ፍጥነት፦ ተቀዳጁ ከማሽን እንደወረደ ይነሳል። ተቆራጩ ከጥልፉ ዙሪያ 1 ሴንቲሜትር ያህል ተትቶ ይከረከማል፤ የቸኮለ መቀስ ፖሎውንም ይበሳል።

አደጋ፦ ዋናው ነጥብ ይኼ ነው። የፖሎ ጨርቅ ሹራብ ስለሆነ ይለጠጣል። ተቀዳጁ በእጥበት እየላላ ድጋፉ ይጠፋል፤ ዓርማው ይጨማደዳል። ጥልፉ ጥቅጥቅ ካለማ ገና ማሽን ላይ በመርፌ ተበሳስቶ ይላቀቅና የዳር መስመሩ ከውስጥ ሙሌት ስፌቱ ይሸሻል። ተቆራጩ ከልብሱ ጋር ይቆያል።

መልክ፦ በስስ ነጭ ፖሎ ላይ ወፍራም ተቆራጭ በፊት ለፊት ያስታውቃል፤ መረብ መሰሉ ስስ ዓይነት ይሻላል።

በሁለቱም ቁጥር 75/11 የሆነ ባለ ክብ ጫፍ መርፌ ይግባ፤ ሹሉ የሹራቡን ክር ይቆርጣል። ከላይ በውኃ የሚሟሟ ስስ ላስቲክ ካልተነጠፈ ትንንሽ ፊደላት ይሰጥማሉ።

በየጊዜው ለሚታጠብ የሆቴል ወይም የአስጎብኚ ፖሎ ተቆራጩ ይመረጣል። ተቀዳጁ ለማይለጠጥ ሸሚዝና ቦርሳ ነው። ፖሎ ላይ ከገባም፣ ለአንድ በዓል ብቻ ለሚለበስ ቀለል ያለ ጽሑፍ ይሁን።