ደብረ ብርሃንና አካባቢው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያላችሁ፣ ይህን ልጅ እወቁት

ምስጋናዬ ጠባሴ አካባቢ ኮምፒውተር ለሚጠግን አንድ ወጣት ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ልጁም ፈቅዷል።

ለማታውቁኝ፣ ፎቶ ቤት አለኝ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የቀረጽኩት ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና ተዝካር ሁሉ ያለው በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ዘንድሮ የድሮው ኮምፒውተር አልችል ብሎ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ። ላፕቶፑ ያለው ቀዳዳ ታይፕ ሲ ብቻ፣ ዲስኮቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየዘመናቸውን ገመድ የያዙ። መቀየሪያ ገዝቼ ስሰካቸው አንዱ ጭራሽ አይበራም፣ አንዱ እየበራ ይጠፋል፣ አንዱ ካልተፎረመትኩ ይላል፣ አንዱ ሲከፈት ፋይሉ የለም፣ አንዱ ደግሞ ቀጭ ቀጭ ይላል። አንድ ቤት ወስጄ ባሳይ "ፎርማት እናድርጋቸውና እንደ አዲስ ይሠራሉ" አሉኝ፤ ያለውን ሁሉ አጥፍተው ማለት ነው። አዲስ ዲስክ ማን ፈለገ? የሰው ሰርግ እኮ ነው ውስጡ ያለው!

ይህ ልጅ ግን ገና ሳይነካቸው፣ "ጋሼ፣ ምንም ነገር ሳንጽፍባቸው መጀመሪያ ያለውን እንገልብጥ፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል" አለኝ። እስከ መጨረሻውም ከዚህ ቃሉ ፍንክች አላለም። ያመንኩት በዚህ ነው።

እየበራ የሚጠፋው ትንሹ ዲስክ ምንም አልሆነም ነበር፤ የኃይል ማነስ ነው። የድሮው ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ እንዲሰጥ የተሠራው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ ብዙ ዲስክ ደግሞ ተነስቶ መሽከርከር ሲጀምር ከዚያ በላይ ይስባል። ገመዱ ባለ ሁለት ራስ ሆኖ የመጣውም ለዚሁ ነው። የእኔ መቀየሪያ ደግሞ ከላፕቶፑ የሚያገኘውን ኃይል ለማውሱም ለፍላሹም ያካፍላል፤ ለዲስኩ የሚተርፈው ነገር የለም። ልጁ የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ (ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ) አምጥቶ ሁለቱንም ራስ ሲሰካው ወዲያው ተነሳ። የተሻለ ገመድ ልግዛ ወይ ስለው አትግዛ አለኝ። ዲስኩ ራሱ ዩኤስቢ 2.0 ስለሆነ በምንም ገመድ ቢሰካ በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው የሚሄደው፤ 500 ጊጋውን ለመገልበጥ አራት ሰዓት ገደማ መጠበቅ ግድ ነው። ገመድ የሚሸጥ ሰው ገመድ አትግዛ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የማይበራው ትልቁ ዲስክ የግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዓይነት ነው፣ አዳፕተሩ ከጠፋ ቆይቷል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የአንዳንድ ላፕቶፕ ቻርጀር ጫፉ ልክክ ብሎ ይገባበታል፣ ግን ቻርጀሩ 19 ቮልት፣ ዲስኩ 12 ቮልት ነው። ከሰካችሁት ሰርኪዩቱ ይቃጠላል። ልጁ በመልቲሜትር ለክቶ ትክክለኛውን ሰጠው፤ አሁንም ዝም። "እንግዲህ የሽፋኑ ቦርድ ነው የሞተው፣ ዲስኩ ደህና ሊሆን ይችላል" አለና ሊከፍተው ተነሳ። ከመክፈቱ በፊት ግን ማርካውን አየ። ለምን ብለው፣ እንደ ማይ ቡክና ማይ ፓስፖርት ካሉት የዌስተርን ዲጂታል ዲስኮች አንዳንዶቹ ፋይሉን የሚመሰጥሩት በሽፋኑ ቦርድ ነው፤ ዲስኩን አውጥተህ በሌላ ገመድ ብትሰካው ባዶ መስሎ ይታያል አለኝ። የእኔ ከእነሱ አልነበረም። ሲከፈት መሰኪያው ባለ 40 ፒኑ፣ አይዲኢ የሚባለው የጥንቱ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ከመሳቢያው አይዲኢን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አውጥቶ ሰካው፤ የ1999 ሙሽሮች ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። በየሱቁ የሚሸጠው መቀየሪያ በአብዛኛው አይዲኢን ለተካው፣ ሳታ ለሚባለው መሰኪያ ብቻ ስለሆነ ይህን ዕቃ አስቀምጦ መገኘቱ ራሱ ሌላ ምስጋና ይገባዋል።

ፎርማት የጠየቀው ዲስክ ደግሞ አዲስ አበባ የሚኖር ኤዲተር ጓደኛዬ በማክ (በአፕል ኮምፒውተር) አዘጋጅቶ የላከልኝ ነው። ዊንዶውስ የማክን አሠራር አያውቅም፤ ያላወቀውን ዲስክ ሁሉ ፎርማት ላድርገው ይላል። ልጁ ማንበብ እንጂ መጻፍ በማይችል ፕሮግራም ከፍቶ ሁሉንም ገለበጠልኝ። ፋይል የለውም ያልኩት የሾርትከት ቫይረስ ነበር፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ፋይሉ ይደበቅና በቦታው ሾርትከት ይቀመጣል። ባዶ የመሰለው ዲስክ የተያዘው ቦታ ሲታይ ግን ሙሉ ነው። ቫይረሱን አጥፍቶ በአንድ ትእዛዝ የተደበቀውን አወጣው።

ቀጭ ቀጭ የሚለውን ግን አልነካም አለ። ጆሮውን አስጠግቶ ሰማውና ነቀለው። "ይሄ የውስጥ አካሉ ነው፤ ባበራነው ቁጥር ሳህኑን ይቧጭራል። አቧራ የሌለበት ክፍል ያለው ቤት ካገኘህ ውሰደው፣ እስከዚያ አትሰካው።" ለዚህ ሳንቲም አልተቀበለኝም። ለሌሎቹም ዋጋውን ቀድሞ ነግሮኝ ነው የጀመረው፣ መጨረሻ ላይ የተጨመረ ነገር የለም።

ብርዳችን ነገር ያመጣ እንደሆነም ጠይቄው ነበር። ከብርድ የገባ ዲስክ ወዲያው አይሰካ፣ ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ይችላልና የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ ይቀመጥ አለ። አየሩ የሳሳ መሆኑም ቁም ነገር ነው። የዲስኩ አንባቢ ጭንቅላት በቀጭን የአየር ንብርብር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው፤ ለዚህም ብዙዎቹ ዲስኮች እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ገደማ እንዲሠሩ ነው የሚመረቱት። እኛ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ላይ ነን፣ እናልፋለን። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ያላችሁ ወገኖቼ ግን ከ3,000 በላይ ናችሁና ቅጂያችሁን በሁለት ቦታ አድርጉ። (መንዜ ይህን ሲያነብ "እኛ ለምደነዋል" እንደሚል አውቃለሁ፤ ዲስኩ ግን መንዝ አልተወለደም።)

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ልጁ ፈጣን አይደለም። የገለበጠውን ከዋናው ጋር ሳያመሳክር አይሰጥም፣ ስለዚህ ዛሬ ሰጥታችሁ ዛሬ ለመውሰድ አትሂዱ። ስትሄዱም ቤት ያለውን ገመድና አዳፕተር ሁሉ ሰብስባችሁ ያዙ፤ የቱ የየትኛው እንደሆነ እሱ ይለየዋል።

እንግዲህ ደንበኞቼ፣ ቪዲዮ ጠፋብን እያላችሁ ስትደውሉ የነበራችሁ ተገኝቶላችኋል፤ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ቦታ ቢኖረው እንኳ። ቴሌቪዥናችሁ የቆየና ፋት 32 ብቻ የሚያነብ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ቆራርጬ እጭንላችኋለሁ። የ2003 ጥር ሙሽሮች ብቻ ትንሽ ታገሱኝ፤ እናንተ ቀጭ ቀጭ የሚለው ውስጥ ናችሁ።